ከሞምባሳ የመጣው የባሕር አረም

ወንድምዓለም እንዳሻው፣ አካም ነህ? ናጋ ነው? ባሕር በሌለበት ነገሌ የባሕር አረም ምን ይሠራል ብለህ ሳትጠይቅ አልቀረህም። ከሞምባሳ በሞያሌ መኪና የላክኸውን ቀቅዬ ውኃው ላይ ሲልቨር ናይትሬት የሚባለውን የብር ጨው ስጨምርበት ቡና መሰለ፤ በዓይን የማይታዩ የብር ናኖ ቅንጣቶች ተፈጠሩ ማለት ነው። ከእማዬ የእግር ቁስል ወስጄ ላብራቶሪ ያሳደግኩትን ባክቴሪያ ድምጥማጡን አጠፉት! ብታየኝ፣ ብቻዬን ስዘል ነበር።

እማዬ «በይ እግሬን ቀቢኝ» አለችኝ።

«በሰው ላይ ገና አልተሞከረም።»

«እኔስ ሰው አይደለሁ?» ብላ ሳቀችብኝ።

የእማዬን ሱቅ አሁን እኔ ነኝ የምከፍተው። ትናንት ሐኪሙ ስለ እግሯ መቆረጥ አነጋግሯት ስንመለስ፣ አንተ የላክህላትን አዲስ ጫማ ለጎረቤታችን ለሚስራ ሰጠቻት። «አንቺ ተራመጂበት» አለቻት።

ሌላ አረም አትላክ። በሚመጣው መኪና ራስህ ና፤ መቼ እንደምትነሣ ቶሎ ጻፍልኝ። በደህና ያድርስህ።

የምትናፍቅህ እህትህ ፍሬሰንበት