እንቁላሏን የጣለች አሳ

ይድረስ ለልጄ ለሶስና፣ ባሕር ዳር። እንደምን ሰነበትሽ? አራስነቱስ እንዴት ይዞሻል? ሕፃኑስ? እኛ ዳንግላ ያለነው ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

አንደኛ፣ ለገንፎሽ ቅቤና ማር በሚኒባስ ልኬልሻለሁ።

ሁለተኛ፣ ክረምቱ ወጥቶ ከጎረቤታችን ከሽባባው ጋር ግልገል አባይ ወርደን አሳ እያጠመድን ነው። በዚህ ሰሞን እንቁላሏን ጥላ የምትመለሰው አሳ አቅም ስለሌላት በእጅ ትያዛለች፤ አትፈራገጥም እንኳ። ሽባባው «አራስ ናት እኮ፣ ገንፎ አብልተህ ልቀቃት» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። ትናንት ግን ማሾፉን ትቶ የራሱን ድርሻም ለኔ ሰጠኝ።

ሦስተኛ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስደውል ስልክሽን ባልሽ እያነሳ «ተኝታለች» ይለኛል። አራስ ብትተኛ ጥሩ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የንስሐ አባታችን «ዓባይነህ፣ ነገ በጠዋት ወንዝ እንዳትወርድ፣ ከሽባባው ጋር እንመጣለን» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ስለ ክርስትናው ይሆናል።

ደብዳቤው ዛሬውኑ እንዲደርስሽ ሾፌሩን ለምኜዋለሁ። ስትነቂ፣ እነሱ ሳይመጡ፣ አንቺው ራስሽ ደውይልኝ። ሕፃኑን ሳሚልኝ። እመቤቴ ትጠብቅሽ።

ናፋቂ አባትሽ ዓባይነህ