የጋሽ ቆይማ የሕይወት ታሪክና የደረጃው አርባ ብረቶች

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቆይማ» እያለ የሚጠራቸው እኚህ በያጅ፣ ከአናጢ አባታቸውና አትክልት ነጋዴ ከነበሩት እናታቸው ከዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት በፊት ተወለዱ። አባታቸው አናጢነት ሊያስተምሯቸው ብዙ ቢደክሙም እንጨት አልሆነላቸውም። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት ዓመት ብረታ ብረት ተማሩ። በሃያ ዓመታቸው ተቀጥረው የገቡበትን ወርክሾፕም በሠላሳ አምስት ዓመታቸው የራሳቸው አደረጉት።

ቅጽል ስማቸው የወጣው ከሥራቸው ነው። ደንበኛ «ሥራዬ ደረሰ?» ሲላቸው «ቆይማ» ይሉና የበየዱትን ሁሉ አንድ በአንድ በመዶሻ እየመቱ ያዳምጣሉ። ድምፁ ካልጣማቸው ቆርጠው እንደገና ይበይዱታል። ደንበኛው ቢቆጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸውም ገና ደንበኛ ሳሉ የስፌት መኪናቸው እግር ተሰብሮ ቢያመጡላቸው፣ ለሩብ ሰዓት ሥራ ሦስት ቀን አመላለሷቸው። ያ ሁሉ መመላለስ ለመዶሻው ነበር ቢባሉ ባለቤታቸው ዛሬም አያምኑም። ተጋብተው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

«ቆይማ» ያላሉበት ቀን አንድ ብቻ ነው። በአርባ አንድ ዓመታቸው ለሰፈሩ ትምህርት ቤት የደረጃ መደገፊያ ሲሠሩ፣ ባለቤታቸው ምጥ እንደጠናባቸው ሰው መጥቶ ነገራቸው። አርባውን ቋሚ ብረት ከፊት በኩል በይደው ነበር፤ የጀርባው ግን ቀርቷል። መዶሻቸውን ጥለው በረሩ። ታናሽ ልጃቸው ያን ዕለት ተወለደች። በማግስቱ ቀለም ቀቢው መጥቶ ሁሉንም ሸፈነው። «ነገ እመለስበታለሁ» ያሉት ነገር፣ ዛሬ ነገ ሲባል ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆነው።

ጡረታ ወጥተው ወርክሾፑን ለታናሽ ልጃቸው ካስረከቡ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት የልጅ ልጃቸውን እዚያው ትምህርት ቤት ሊያደርሱ ሄዱ። ልጅቷ መደገፊያውን ይዛ ስትወጣ ብረቱ ተነቃነቀ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። የዓይን ሐኪማቸው ብየዳ ከልክሏቸው ስለነበር፣ ሊጠግኑት ሲነሡ ባለቤታቸው የብየዳ ጭንብላቸውን ደበቁባቸው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ «ይህን ሁሉ ዘመን የቆመ ዛሬ ምን ይሆናል?» አሉ። ጋሽ ቆይማ አንዱን ብረት በመዶሻ መትተው ሲጥሉላቸው ጊዜ ደረጃውን አዘጉት።

ታናሽ ልጃቸው እኔ ልሥራው ብትል በጄ አላሉም። «ያጎደልኩት እኔ፣ የምሞላው እኔ» አሉ። የእሷኑ ጭንብል አጥልቀው በየቅዳሜው ከደረጃው ሥር ይንበረከኩ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ቦታውን በጣታቸው ዳስሰው ያገኙታል። ልጃቸው «ይበቃል፣ ይረፉ» ስትላቸው «ዝም ብለሽ መብራቱን ያዢ» ይሏታል። ግትር ነበሩ፤ ታናሽ ልጃቸውም ይህንን የምትጽፈው ስለ ግትርነታቸው እያመሰገነች ነው።

ሠላሳ ሰባቱን ብረት እንደጨረሱ የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቋቸው የቀሩት ሦስት ብረቶች ነበሩ። ከትናንት በስቲያ ታናሽ ልጃቸውን አስጠርተው፣ ስለ ሥራቸው ለማንም ብለው የማያውቁትን «በቃ፣ አንቺ ጨርሺው» አሏት። ጥቂት ቆይተውም «ጀርባውን እንዳትረሺ» አሉ። ትናንት ሐሙስ ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከበዋቸው ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ጋሽ ቆይማ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ለደከሙት ዓይኖቻቸው ብርሃንን፣ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ አምሳ ዓመት አብረዋቸው ለኖሩት ባለቤታቸው ብርታትን ይስጥ።

ታናሽ ልጃቸው ትናንት ከሰዓት በኋላ ለቅሶውን ትታ የት እንደጠፋች የጠየቃችሁ ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱ ነበረች። አባባ፣ ሦስቱንም ከፊትም ከጀርባም በይጃቸዋለሁ።