የሀምዳን ሳይክልና የላሜራዋ ጀልባ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2001

ትምህርት ከተዘጋ ሳምንት አለፈው። ዝናብ። አባዬ ሱቅ ሸራና ገመድ ስቆርጥ ዋልኩ። ከሰዓት ለሸራ የሚሆን የብረት ቀለበት ላምጣ ብዬ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ቀለበቱን ረስቼ ተመለስኩ።

ጀልባ አየሁ።

የእውነት ጀልባ፣ መርካቶ መሃል፣ ከተቆለለ በርሜልና ከአሮጌ ራዲያተር አጠገብ። ከላሜራ የተሠራች። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ጋሽ ጠይብ ጀሪካን ያጥብባታል። "ከየት መጣች?" ስለው፣ "የአንድ ሆቴል ዕቃ ሲሸጥ አብራ መጣች። መርካቶ የማይመጣ ምን አለ?" አለኝ።

ሀምዳን ቢያያት...

ወንድሜ እሑድ እሑድ ደብረ ዘይት እየሄደ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ከጓደኛው ከቶላ ጋር ዓሣ ያጠምድ ነበር። ቶላ መረብ ይጥላል፣ እሱ ይጠልቃል። ድንጋይ የያዘውን መረብ የሚያስለቅቀው እሱ ነው። ከዱባይ ተራ የገዛው የመጥለቂያ መነጽር አሁንም አልጋችን ራስጌ ተሰቅሏል። የራሳችን ጀልባ ይኑረን እንዳለ... በየካቲት ታመመ፣ በየካቲት ቀበርነው።

ስለ ጀልባዋ ልጽፍ ነበር እኮ የተቀመጥኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ዛሬም ሄጄ አየኋት። አለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

የማይሆን ነገር አደረግኩ። ወይ የሚሆን ነገር ነው? አላውቅም።

የሀምዳንን ሳይክል ሰጥቼ ጀልባዋን ወሰድኩ።

እማዬ ሳይክሉን ዓርብ ዓርብ ትወለውለዋለች። ማንም አይነዳውም፣ ግን ያበራል። መወልወያው ጨርቅ እንኳ የራሱ ሚስማር አለው። ዛሬ ወልውላ ስትጨርስ ጠብቄ ይዤው ወጣሁ። ጋሽ ጠይብ ደወሉን ቂል ቂል አድርጎ ሞከረው። "ልጄ፣ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ ዒድ አልሸጠውም። ሐሳብህን ከቀየርክ ና። ከዒድ ወዲያ ግን መጥተህ እንዳታለቅስብኝ" አለኝ።

የቀጠርኳቸው ተሸካሚዎች ጀልባዋን ገልብጠው አናታቸው ላይ ደፏት። ከስር የሚታየው እግር ብቻ። ሲኒማ ራስ ስንደርስ አንዱ ወያላ "ፒያሳ፣ ፒያሳ በጀልባ! አንድ ሰው የቀረው!" ብሎ ተጣራ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ ደግሞ "የኔ ልጅ፣ ከተማው ሊሰጥም ነው? የሰማኸው ካለ ለእኛም ንገረን" አለችኝ። እየሳቅኩ ግቢ ገባሁ።

እማዬ ጀልባዋን አየች። ከዚያ ሳይክሉ ተደግፎ የሚቆምበትን ግድግዳ አየች። ጨርቁን ከሚስማሩ አውርዳ ጓዳ ገባች።  ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

አባዬ ማታ ፈረደ። "ከተንሳፈፈች ትቀመጥ። ካልተንሳፈፈች ከዒድ በፊት ለጠይብ መልሰህ ሳይክሉን ለእናትህ ታመጣለህ።"

"በማን ላሸክማት?"

"ስታመጣ አማከርከኝ?"

ሰኞ፣ ሐምሌ 20

እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። ምግብ ግን ታበዛልኛለች። ይሄ ምን ማለት ነው?

ጋሽ ደምመላሽ ሊሠራልኝ ተስማማ። ሰፈራችን ውስጥ የውሃ ታንከር የሚሠራው እሱ ነው። ጀልባ ሠርቶ አያውቅም። ዞራት፣ በጣቱ አንኳኳት። "ጀልባ ማለት ክዳን የሌላት ታንከር ናት። ምን ያስፈራል?" አለ።

ዝገቱን ፍቀን ስንጨርስ ቀዳዳው እንደ ወንፊት ሆኖ ወጣ። መበየድ አልተቻለም፣ መብራቱ በፈረቃ ነው። ሲመጣም የደንበኛ በር ይቀድማል። ስለዚህ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጠን ከውስጥ በኩል በሬንጅ ለጠፍን። ፀጉሬም ተለጥፏል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 2

የፈተና ቀን። ታንከር ሲያልቅ ውሃ ሞልተው ነው የሚፈትኑት። እኛም ጀልባዋን በድንጋይ ላይ አስቀምጠን እስከ አፏ ሞላናት። የሰፈሩ ሰው ጀሪካን ይዞ አገዘን። ጋሽ ደምመላሽ ከስር እጁን ሰድዶ ዳበሰና መዳፉን ለሁሉም አሳየ። ደረቅ። ተጨበጨበለት፣ ባርኔጣውን አነሳ።

እማዬ በመስኮት ታይ ነበር። "ቢያንስ ልብስ ይታጠብባታል" አለች። ለእኔ ይሁን ለመጋረጃው አልለየሁም። ብቻ ተናግራለች።

እሑድ፣ ነሐሴ 10

ሰጠምን።

ከመጀመሪያው ልጻፍ። አባዬ፣ ጋሽ ደምመላሽና እኔ ጀልባዋን በኪራይ ፒክአፕ ጭነን ሄድን። ቶላ ሐይቁ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ከቀብሩ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። ጨበጠኝ፣ እጄን አልለቀቀም። ከዚያ ጀልባዋን አየና "ፉርቃን፣ ይቺ የገላ መታጠቢያ አይደለችም?" አለኝ። ቀለለኝ።

አባዬ ዳር ቀረ። እኛ ሦስታችን ገባን። ትንሽ እንደቀዘፍን እግሬ ቀዘቀዘኝ።

"ጋሽ ደምመላሽ፣ ውሃ!"

"ሊሆን አይችልም። ጠብታ አላፈሰሰችም እኮ።"

"ማፍሰሱንማ አላፈሰሰችም፣ እያስገባች ነው" አለ ቶላ፣ እየሳቀ በጣሳ እየቀዳ። ጋሽ ደምመላሽ ዋና አይችልም። ባዶ ጀሪካን አቅፎ የማርያምን ስም ይጠራ ጀመር። እንደምንም ወደ ዳር ተመለስን፣ ጀልባዋ ወገባችን ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቁጭ አለች።

 የአባዬ ፊት "ሳይክሉን" ይላል።

የሀምዳንን መነጽር አወጣሁ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ አድርጌው አላውቅም። ማሰሪያው በእሱ ጭንቅላት ልክ ነበር። አጠበብኩት... ይሄ ከሁሉም ከበደኝ።

የጀልባዋን ውሃ ቀድተን አቀለልናትና፣ ትንሽ ገፍተን ስሯ ገባሁ። አረንጓዴ። ፀጥ ያለ። በቀዳዳዎቹ በኩል አየሁት፤ ውሃው ጎማውን ከላሜራው እያላቀቀ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ግቢ ውስጥ ስንሞላት ውሃው ከውስጥ ሆኖ ጎማውን ራሱ ሲለጥፍልን ነበር! ሐይቅ ግን የሚገፋው ከውጭ ነው። ውሃ እንዳይወጣ ነው የደፈንነው፣ እንዳይገባ አይደለም። ፊዚክስ ተምሬ አንዴም ትዝ አላለኝም።

ብቅ ብዬ ስነግራቸው ጋሽ ደምመላሽ ጀሪካኑን እንዳቀፈ አሰበና፣ "ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ ሳስቀር ኖሬ አሁን ደግሞ እንዳይገባ ልከልክለው?" አለ። አባዬ ሳቀ። ከየካቲት ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 16

ረመዳን ገባ። መብራት የእኛ ተራ ነው። ጋሽ ደምመላሽ የደንበኛውን በር ትቶ ጀልባዋን ከውጭ በኩል በየዳት። በነፃ፣ "ስሜን አጥፍታዋለች" ብሎ። አባዬ "ፈተናውን ተዉት፣ ውሃ ብቻ እንዳትሞሉባት" አለ።

እማዬ ለማፍጠሪያ ሳንቡሳ እየጠቀለለች ጠራችኝ።

"መነጽሩን አድርገህ ገባህ አሉ።"

"አዎ።"

"ስሩ ምን አለ?"

"አረንጓዴ ነው። ብርሃን ከላይ ይገባል። ድምፅ የለም።"

"አልፈራህም?"

"ፈርቻለሁ። ሀምዳን ነበር የማይፈራው።"

"ማን? ሀምዳን?" ሳንቡሳውን ተወችው። "አስረኛ ክፍል እስኪገባ መብራት አታጥፉብኝ ሲል አልነበር? አንተ ትንሽ ስለነበርክ ነው የማታስታውሰው። ፉርቃን ነው የሚፈራው ይለን ነበር።"

ሳቅን። ስሙን ስትጠራ ድምጿ አልተሰበረም።

እሑድ፣ መስከረም 3 ቀን 2002

እማዬ መጣች! ማንም ነይ አላላትም። ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይዛ ፒክአፑ ውስጥ ቀድማ ተቀምጣ አገኘናት። "የሚሰጥም ሰው ደረቅ ልብስ ያስፈልገዋል" አለች።

ጀልባዋ ተንሳፈፈች። ቀዘፍን፣ አሁንም ተንሳፈፈች። ቶላ መረብ ጣለ። እኔ አልጠለቅኩም፤ ውሃ ብውጥ ጾሜ ይፈርሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ ጀልባዋ ላይ ወጣች። ዓይኗ ከወለሉ አልተነሳም።

"ይኸው ገባ! ባህረዲን፣ ውሃ!"

"የራስሽ እግር ነው ያመጣው" አላት አባዬ።

ከፌስታሉ ጨርቅ አወጣች። አወቅኩት። የሳይክሉ ጨርቅ። የእግሯን ውሃ ጠረገች፣ ቀጥላ መቀመጫውን፣ ቀጥላ ጠርዙን። ቶላ መቅዘፉን አቆመ። አዛን ከሩቅ ሲሰማ በተምር አፈጠርን፣ እዚያው መሃል ላይ። ከዚያ የቶላን ቆሮሶ ዓሣ ዳር ላይ ጠብሰን በላን። ጋሽ ደምመላሽ ጀሪካኑን ይዞ ነበር የመጣው፣ ግን አላቀፈውም።

እሑድ፣ መስከረም 10

ዒድ። ጋሽ ጠይብ ጋ አልሄድኩም። እማዬም ሂድ አላለችኝም።

ዓርብ፣ መስከረም 15

ትምህርት ጀምሯል። ከሰዓት ከእማዬ ጋር ደብተር ልንገዛ ወጣን። ሲኒማ ራስ ጋ ደወል ሰማን። ቂል ቂል። ሁለታችንም ዞርን። አንድ ዳቦ አከፋፋይ በሀምዳን ሳይክል፣ ኋላ ላይ ሣጥን አስሮበታል። ጭቃ በጭቃ።

ክንዷን ያዝኩ። እሷ ግን ተጣራች።

"አንተ ልጅ! የኋላው ጎማ ነፋስ ጎድሎታል፣ ቸርኬው ይጎብጥብሃል!"

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። "እሺ እትዬ፣ አስነፋዋለሁ" ብሎ ሄደ። በሰው መሃል እስኪጠፋ አየነው። ሳይክሉ ይሮጣል አሁንም።

ቤት ስንገባ ሚስማሩን አየሁ። እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

"ጨርቁስ?" አልኳት።

"ጀልባዋ ውስጥ ትቼዋለሁ። ቶላ ዓሣ እንዳይጠርግበት ንገረው። እሑድ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?"