የእማዬ ቫልቭ እና የጾም ጎመን

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዛሬ እማዬን ለደም ምርመራ ወሰድኳት። አምና ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ከተገጠመላት ወዲህ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ትወስዳለች። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ ሰሞኑን ምን ይመገባሉ?»

«ጾም አይደል እንዴ ልጄ፣ ጎመን ነዋ።»

ጎመን በአንዴ ሲበዛ የኪኒኑን ኃይል ያዳክማል፤ ደሟ ቫልቩ ላይ ሊረጋ ይችላል አለን። ደም ይተካል ብዬ ከኮልፌ ገበያ በየቀኑ የማመጣላት እኔው ነኝ። የኪኒኑን መጠን አስተካክሎ ሸኘን።

ቤት እንደገባን ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ቤቱ ጸጥ ሲል ቫልቩ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እስከ ትናንት ድምፁ ሰላም ይነሳኝ ነበር።

«ምነው አጠፋሽው? እያየሁ እኮ ነው» አለችኝ።

«ራሴን አሞኝ ነው» አልኳት።

ይህን እየጻፍኩም፣ አንዱ ቀጭ ሲል ቀጣዩን እጠብቃለሁ።