ውሃን ከሁለቱም ዳር የቀዱት የዶክተር አጋፊያ ዋሲሊ ሕይወት

ዶክተር አጋፊያ ዋሲሊ ከአባታቸው ከአቶ ኒክ ዋሲሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ናስታሲያ ኢቮን እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1957 አላስካ ውስጥ፣ በኑሻጋክ ወንዝ ዳር በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ወንዙ ገና በረዶ ስለነበር አዋላጇ የደረሱት ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን ከቤተሰብ ርቀው በአዳሪ ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በ1981 በጂኦሎጂ ተመረቁ። በ1984 ዓሣ አጥማጁን አቶ ሲሜዎን አንድሬውን አግብተው ዳሻንና ግሌንን ወለዱ፤ ልጆች እያሳደጉም በ1992 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

ሥራቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ ሳይሰለቹ ያስረዱ ነበር። ውሃ ከሚያልፍበት ዓለት ስትሮንሺየም የተባለውን ንጥረ ነገር ልዩ ልዩ ዓይነቶች፣ ማለትም አይሶቶፖቹን፣ ይዞ ይወርዳል፤ ምጣኔያቸውም ከጅረት ጅረት ይለያያል። ሳልሞን የምትባለው ዓሣ ያደገችበትን ውሃ ምልክት በጆሮዋ ውስጥ ባለች ጠጠር መሰል አጥንት ይዛ ትኖራለች። ዶክተር አጋፊያ ዋናውን ወንዝ ከነገባሮቹ በሂሳብ ሞዴል አስልተው፣ የትኛዋ ዓሣ የት እንደተወለደች የሚያሳይ ካርታ ሠሩ። እናታቸው ግን ዓሣ በጭስ በሚደርቅበት ጎጆ ውስጥ ከዓሣው ጎን የተደረደረውን፣ ለምርመራ ከወንዙ የተቀዳ የውሃ ጠርሙስ እያዩ «ይኼስ መቼ ነው የሚበላው?» ይሉ ነበር።

በ2006 አዲስ የጭነት መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ለመወሰን ካርታው ለመንደሩ ስብሰባ ቀረበ። ኩይቹዋር የምትባለው ጅረት በካርታው ላይ ዓሣ የማይወለድባት ሆና ተገኘች፤ መንገዱም በእሷ ላይ ሊያልፍ ሆነ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሞክሲ እዚያች ጅረት ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ያረጁ ናቸውና በሰው ፊት ተነሡ።

«እታለም፣ አንቺ ጠርሙስሽን የምትነክሪው ጀልባ ከሚቆምበት ከግራው ዳር ነው። የኩይቹዋር ውሃ እኮ ዋናው ወንዝ ከገባ በኋላ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ቀኙን ዳር ይዞ ነው የሚወርደው። የአባታችንን ጀልባ ስትነጂ ያደግሽ ልጅ፣ ይኼ ይጠፋሻል?»

አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር አጋፊያ ግን በእፍረት ፊታቸው ቀላ። ሞዴላቸው የጅረቷና የዋናው ወንዝ ውሃ እንደተገናኙ ይቀላቀላሉ ብሎ ያሰላ ነበር። በማግስቱ ከቀኙ ዳር ቀዱ፤ ውጤቱ ሲመጣ ትክክል የነበሩት ወንድማቸው ሆነው ተገኙ። ባልደረቦቻቸው በሚቀጥለው ጽሑፍ ቀስ ብለው እንዲያርሙት መከሯቸው። እሳቸው ግን እዚያው አዳራሽ ተመልሰው «ተሳስቻለሁ፤ በዚህ ካርታ አትወስኑ» አሉ። የአሥራ አራት ዓመት ልፋታቸው ነበርና ቃሉ ቀላል አልነበረም። አዲሱ ካርታ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ መንገዱም ኩይቹዋርን ሳይነካ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቻቸው ከሁለቱም ዳር ሳይቀዱ ወደ ቤት አይመለሱም።

ዶክተር አጋፊያ በቆሽት ካንሰር ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2023 በ66 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በብርቱ ሐዘን ላይ ናቸው።

ዛሬ አስከሬናቸውን በጀልባ ወደ መንደራቸው ያመጡት አቶ ሞክሲ ናቸው። በግራው ዳር ቢመጡ መንገዱ ያጥር ነበር፤ በዶክተር አጋፊያ ኑዛዜ መሠረት ግን በቀኙ ዳር፣ በኩይቹዋር ውሃ ላይ መጡ።

ሳልሞንን ወደ ተወለደችበት ጅረት የሚመልስ አምላክ የእኅታችንንም ነፍስ ወደ ቤቷ ያግባት። አሜን።