መለኪያው የሚሰቀልበት ጣሪያ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ዛሬ ጠዋት የወጣ ዕቃ፦ ሁለት የጎማ ከመነዳሪ፣ አንድ የፍሬን ሸራ፣ አራት የሞተር ዘይት፣ አንድ የፊት መብራት። ገበያው ደህና ነው።

የቤቴ እመቤት፣ እንዴት ሰነበትሽ? ከላይ ያለው በልማድ ነው፤ የዕለት ማስታወሻዬን በዚህ እንደምጀምር ታውቂያለሽ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሳሉ እንደተወሽ፣ ከእህትሽ ጋር ዳገቱን ሳታርፊ እንደወጣሽ ጽፈሻል። ለልጅሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ «እንግዲህ ልምጣ ወይ?» ያልሽውን ግን ለራሴ አስቀረሁት። መልሱን ሳልይዝ ልጅ ማስጎምጀት አልወደድኩም።

መኪናዎቹ እንደምታውቂያቸው ናቸው። ከባድ መኪና በላይኛው ሰፈር እንዳያልፍ ደንብ ከወጣ ወዲህ ሁሉም የሚያልፈው በእኛ በር ነው። የላይኛው ሰፈር መንገድ አስፋልት፣ የእኛው አፈር። ባለሱቁ ሁሉ ጠዋት ደጁን ውሃ ይረጫል፤ ሁለት መኪና ካለፈ በኋላ ያው ነው። ከባንኮኒው ኋላ ያለውን ወንበርሽን እወለውላለሁ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ሾፌሮቹ እመቤቲቱ መቼ ነው የምትመጣው፣ አንተ እኮ ዋጋ አትቀንስም ይሉኛል። እሷም አትቀንስም፣ እየሳቀች ስለምትናገር ነው ያልነቃችሁባት እላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ላይኛው ሰፈር ባዛር ላይ ሳምንቱን ሙሉ ቆመን ስንሸጥ አንዴም አላሳለሽም ነበር። በእግር የሚደረስ ቦታ እኮ ነው። ይህንን ለጤና ጣቢያዋ ሲስተር ስነግራት ሳቀች፤ ደስ ብሏት አይደለም። በሳል ከሚመጣባት ሰው አብዛኛው የእኛ መንገድ ሰው ነው። «እኔ ሽሮፕ ሰጥቼ እሸኛቸዋለሁ፣ መንገዱ መልሶ ይልክልኛል» አለችኝ።

ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ጠርቶን ነበር። የአየሩን ጉዳይ የያዘው ባለሙያ፣ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት፣ የከተማው አየር ተለክቶ ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል ብሎ አስረዳን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣችና መለኪያው የት እንደተሰቀለ ጠየቀችው። ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው አላት፤ ላይኛው ሰፈር፣ መናፈሻው መሃል ማለት ነው።

«እንግዲያው እኛም ሳል ሲመጣብን እዚያ ድረስ ወጥተን እናስላ፣ ልጄ» አለችው።

አዳራሹ ሳቀ፣ እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሁለተኛ መለኪያ መጋዘን ውስጥ እንዳለ፣ በእኛ መንገድ ላይ ጣሪያውን የሚፈቅድ ሰው ጠፍቶ እንደተቀመጠ ተናገረ። ባለሱቁ ሁሉ ወንበሩን ገፍቶ መነሳት ጀመረ። ምክንያቱ ይገባሻል። ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ ደንቡ እንደገና ይታያል፣ መኪናዎቹም ከከተማው ውጭ ዞረው እንዲሄዱ ይደረጋል። እነሱ ከሄዱ ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ፣ እኔም ደንበኛ የለንም።

ስብሰባው ሲበተን ባለሙያውን ልጅ በር ላይ ጠበቅኩትና ጣሪያዬን ውሰድ አልኩት፤ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር አለኝ። ጎሚስታው ሰምቶ ክንዴን ያዘኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? የምትበላው እኮ ከመኪናዎቹ ነው።»

«መኪናው ሲሄድ ሌላ ዕቃ እሸጣለሁ» አልኩት። «ሚስት ግን ከየት አስመጣለሁ?»

አኩርፎኛል። ከመነዳሪ ሲያልቅበት ግን ዛሬ ጠዋት እኔው ዘንድ ነው የመጣው።

አትስጊ፣ አስቤበታለሁ። የቤት መብራትና የኤሌክትሪክ ገመድ ይዤ ቀስ በቀስ ወደዚያ ንግድ እዞራለሁ። ባለሙያው ልኬቱ እስከ ክረምት መግቢያ እንደሚወስድ ነግሮኛል፤ ውሳኔ ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው። ስለዚህ መልሴ ይኸው፦ አሁን አትምጪ። ይህን ለመጻፍ ብዕሩን ስንት ጊዜ እንዳስቀመጥኩት አልነግርሽም። ነጋዴ ሆኜ የማይሆን ተስፋ ብሸጥልሽ መጀመሪያ የምትነቂብኝ አንቺ ነሽ። አንቺ እዚያ ሆነሽ ዳገት ስትወጪ ይታየኛል፤ እሱን እያየሁ እውላለሁ።

ልጅሽ «ጸጉሬን እንደ መኪና መጎተቻ ገመድ ነው የምትጎነጉነው» ትለኛለች። እጅሽን ናፍቃለች። ከሰንበት ጀምሮ ትንሽ ያስላታል። ጉንፋን ነው። ሲስተርም አይታታለች።

እህትሽን አመስግኝልኝ። እንደ ልብሽ የምትተነፍሺበትን አየር አያሳጣሽ፤ እኛንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰብስበን።

ባልሽ፣ የመለዋወጫ ነጋዴው

የነገ ሥራ፦ ጠዋት ከቀለም ቀቢው ረጅሙን መሰላል ተውሶ መለኪያውን ማሰቀል። ከዚያ መናኸሪያ ሄዶ ለልጅቱ ወደ እናቷ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ቦታ መያዝ።