አርባ አለች

እሑድ

አርባ አለች። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ፈርዶሳ ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳ ወጣች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ በሶማሊኛ ቶሎ ቶሎ አወራች። ከዚያ ሁሉ ወሬ ሁለት ቃል ያዝኩ፦ «ሱኣል» እና «አርባ»። ሱኣል ጥያቄ መሆኑን ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። አርባ ደግሞ አርባ ነው።

የቅዳሜው ፈተና ስንት ጥያቄ አለው? አርባ።

በሶማሊኛ መሀል አርባን በአማርኛ ለምን ትላለች እንዳልል፣ እዚህ ከተማ አንድ ዐረፍተ ነገር በጀመረበት ቋንቋ ካለቀ ነው የሚገርመው። ፈርዶሳ ራሷ ስልክ ቁጥሯን ስትሰጥ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በሶማሊኛ ነው የምትጠራው።

ፈርዶሳ የጥናት ጓደኛዬ ናት። ሳቢያን ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ፣ ከአባቷ ሱቅ በላይ ባለችው ክፍል አብረን እናጠናለን። ከተመረቅን ሁለት ዓመት አለፈን፤ እስካሁን ሁለታችንም ሥራ የለንም። የተመዘገብነውም ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ለአንዲት ቦታ ነው። አንድ ሰው ነው የሚቀጥሩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ጥያቄው ወጥቷል» የሚል ወሬ ተነሣ። ማን እንዳወጣው፣ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ዛሬ እኔ ያወቅሁ መሰለኝ።

የእኔ ነገር ደግሞ! ወተት ሳላሸት አልጠጣም። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር ሰው ነበር፤ «ባቡሩ ደረሰ» ቢሉት ሐዲዱ ላይ በዓይኑ ካላየው አያምንም። የወረስኩት ከእሱ ነው። ቢሆንም የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

ለማንም አልናገርም። ነገ እሄዳለሁ፣ እንደ ወትሮዬ እስቃለሁ፣ ዓይኔን ግን ከእሷ አልነቅልም።

ሰኞ

እማዬ ቁርስ ላይ «ይሄ ራስሽን የሚያዞርሽ ፈተና ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። አስረዳኋት። ከአርባው ግማሹ «መረጃው ይበቃል ወይ» የሚባለው ነው። አንድ ጥያቄ ይሰጣሉ፣ ከሥሩ ሁለት መረጃ ይጽፋሉ። መልሱን አምጪ አይሉም። ለመመለስ የትኛው መረጃ ይበቃሻል ነው የሚሉት። አንደኛው ብቻውን ከበቃ ኤ። ሁለተኛው ብቻውን ከበቃ ቢ። ሁለቱ ተደምረው ብቻ የሚበቁ ከሆነ ሲ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከበቁ ዲ። ተደምረውም ካልበቁ ኢ።

«መልሱን የማይፈልጉት ከሆነ ታዲያ ለምን ይጠይቃሉ?» አለች እማዬ። እውነቷን ነው።

ሚስጥሩ ግን እዚያ ላይ ነው። ማስላት የለብኝም። መንገዱ እንደሚያደርስ ካወቅሁ በቃ፣ እስከ መጨረሻው አልሄድም። ፈርዶሳ ግን አሻፈረኝ ትላለች። ካሬ ደብተሯን ታወጣለች፣ ቁጥሩን በየሳጥኑ ትደረድራለች፣ መጨረሻው ቁጥር ላይ ሳትደርስ ብዕሯን አታስቀምጥም። «አቦ፣ መልሱን ሳላየው እንዴት ይበቃል እላለሁ?» ነው የምትለው።

ዛሬ ያመጣችውን ሃያ ጥያቄ እሷ ስድስተኛው ላይ ሳለች ጨረስኩ። ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷ ደስ አላለኝም።

«አንድ ቁጥር ሳትጽፊ እንዴት ነው የምታውቂው? ማን ነው ያሳየሽ?» አለችኝ።

ማን ነው ያሳየሽ! ልታወጣጣኝ ነው። እኔ ምን ያህል እንደጠረጠርኩ ልታውቅ ፈልጋለች። «ማንም» አልኩ። እሷም ደብተሯን ከደነች። ሁለታችንም ውኃ ጠጣን።

አንዱን ግን ያዘችብኝ። «ቁጥሩ ስንት ነው? አንደኛ፦ ከአሥር ይበልጣል፣ ከሃያ ያንሳል። ሁለተኛ፦ ለሰባት ያለ ቀሪ ይካፈላል።» እኔ ሁለተኛውን እንዳየሁ አሥራ አራት ብዬ ቢን አከበብኩ። «ሃያ አንድስ? ሃያ ስምንትስ?» አለች እየሳቀች። ልክ ናት። ሁለተኛውን ሳነብ አንደኛው ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። መልሱ ሲ ነው።

ማክሰኞ

ወረቀቴ ጠፋ። ትናንት ሃያውን የመለስኩበት፣ ኤ፣ ሲ፣ ሲ፣ ኢ እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ ወደ ታች የጻፍኩበት። የፈለግሁባቸው ቦታዎች፦ ቦርሳዬ። አልጋ ሥር። ፍሪጅ ላይ። የእማዬ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ እዚያ ስለምትከት። አባዬ በዩኒፎርም የተነሣውን ፎቶ አገኘሁ። ወረቀቴ የለም።

ደብተሬ ከዚህ ቤትና ከፈርዶሳ ክፍል ሌላ የትም አልሄደም።

አሁን ሁሉም ነገር በራልኝ። እነዚያን ሃያ ጥያቄዎች ያመጣችው ማን ናት? እሷ። ከየት አመጣሻቸው ስላት «ከሰው» ነበር ያለችኝ። ከአርባው ሃያውን ሰጥታ አሠርታኝስ ቢሆን? ጥያቄው ደርሷታል፣ መልሱን የሚሠራላት ሞኝ ነበር የጎደላት። ያ ሞኝ እኔ ነኝ ማለት ነው!

ደወልኩላት። ጫጫታ አለ፣ መንገድ ላይ ናት። ሰላም ስላት ደነገጠች። «ነገ አልችልም፣ ሰው አለብኝ» አለች። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። ሌላ ጊዜ የሱቁ ድመት መውለዷን እንኳ ሳልጠይቃት ነው የምትነግረኝ።

ረቡዕ

አየኋት። ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ በባጃጅ ስሄድ፣ ጭማቂ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከአንድ መነጽር ካደረገ ሰው ጋር ተቀምጣለች። መሀላቸው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። ቀይ እስክሪብቶ። የእኔ ወረቀት! ባጃጁን አስቆምኩ። ሰውዬው ጣቱን ከመልስ ወደ መልስ እያወረደ ራሱን ይነቀንቃል።

«እህት፣ ትወርጃለሽ ወይስ እንሂድ?» አለኝ ባለባጃጁ። እንሂድ አልኩት። መድኃኒቱን ረስቼ ነው ቤት የገባሁት፤ እንደገና ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ቀድጄ፣ ሦስተኛውን ፊደሌን አጣምሜ። «ፈርዶሳ የተባለችው ተፈታኝ አርባውን ጥያቄ አስቀድማ አግኝታለች። እባካችሁ አጣሩ።» የአባቷንም ስም ጨመርኩ። የእኔን አልጻፍኩም።

መረጃ አንድ፦ አርባ ስትል ሰምቻለሁ። መረጃ ሁለት፦ ወረቀቴን ሰርቃለች። ሁለቱ ተደምረው ይበቃሉ። ሲ።

ሐሙስ

ከተትኩት። መሥሪያ ቤቱ በር አጠገብ «የአስተያየትና የጥቆማ ሳጥን» አለ፤ ቅዳሜ የምንፈተነውም እዚያው ግቢ ነው። «ዘወትር ሰኞ ጠዋት ይከፈታል» ይላል። ይከፈት። ከፈተናው በኋላም ቢሆን ውጤቷን ይሰርዛሉ። ዘበኛው «ቅሬታ ነው፣ የእኔ ልጅ?» አሉኝ። «አስተያየት ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ስወጣ ቀለል አለኝ። ቤት ስደርስ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ፈርዶሳ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ አላነሣሁም። ከዚያ ጻፈችልኝ፦ «አቦ ምን ሆነሽ? የምነግርሽ አለ።»

አራት ወር አብረን አጥንተናል። እማዬ ታማ የተኛች ጊዜ በየቀኑ ሾርባ ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ይህን ለምን አሁን እንዳስታወስኩት አላውቅም።

ዓርብ

ረፋዱ ላይ ቤት መጣች። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሰርቄሻለሁ» አለች።

ከዚያ ዘረገፈችው። እኔን ጠርጥራኝ ነበር! «ወላሂ፣ ምንም ሳታሰዪ ስትመልሺ፣ ይህቺ ልጅ መልሱ ደርሷታል አልኩ። የአጎቴ ልጅ አብዲ ከከተማ ውጪ፣ ቢዮ አዋሌ፣ ሒሳብ ያስተምራል። ጥያቄዎቹንም ያመጣልኝ እሱ ነው፣ ተማሪዎቹን ከሚያለማምድበት። እሑድ ደወልኩለት፤ አርባዓ ከተማ ስትመጣ እነዚህን ጥያቄዎች አብረን እንይ አልኩት።»

«አርባ ምን?»

«አርባዓ! ረቡዕ፣ አቦ!»

እማዬ ከጓዳ ሆና «አርባዓ ረቡዕ ነው እንጂ። ድሬ ተወልደሽ ይህንንም አታውቂ?» አለችኝ።

አውቃለሁ። አውቅ ነበር። ጆሮዬ አርባ ጥያቄ ሲጠብቅ አርባ ሰማ እንጂ። በየሳምንቱ ረቡዕን የምጾም ሰው፣ ረቡዕ ስሙ ሲጠራ አላወቅሁትም።

አብዲ ወረቀቴን አይቶ ሳቀ አለች። «ሰርቃ አይደለም፣ ገብቷት ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ማስላት ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ለእሷም አሳያት። ሁለት ስሕተትም አገኘብኝ፤ ሁለቱም እንደዚያ እንደ አሥራ አራቱ ናቸው። «ሁለተኛውን መረጃ ስታነብ አንደኛውን አላየሁም ትበል» ብሎ ልኮብኛል። እኔን ለማዘጋጀት ነው የመጣችው፣ ከፈተናው አንድ ቀን በፊት፣ ለአንዲት ቦታ!

ልስቅላት ሞከርኩ። ወረቀቱ ብቻውን ምን ነበር? ጓደኛ ጓደኛዋን ሳትጠይቅ የወሰደችው ወረቀት። ሌባ ያደረጋት ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አርባ ነው። ስለ ሳጥኑ ልነግራት ነበር። አፈርኩ፣ ፈራሁም።

እንደሄደች ወደ መሥሪያ ቤቱ ሮጥኩ። ዓርብ ነውና ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ዝግ ነው። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ቁልፉ ያለው ወይዘሮ ጽጌ የሚባሉ ጸሐፊ ጋ ነው።

«የከተትኩትን ላወጣ ነበር፣ እትዬ።»

«ምን ነበር የከተትሽው?»

«ስሕተት።»

መታወቂያዬን ተቀበሉ፣ መዝገብ ላይ አስፈረሙኝ። ስሜን ደብቄ የጣልኩትን በሙሉ ስሜ ፈርሜ ወሰድኩ። ሳጥኑ ሲከፈት ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ የእኔ። ሌላው አራት ጊዜ የታጠፈ፣ ከካሬ ደብተር የተቀደደ። ወይዘሮ ጽጌ ወዲያው በመዳፋቸው ከደኑት።

ካሬ ደብተር በየሱቁ ይሸጣል። የማንም ሊሆን ይችላል። መረጃው አይበቃም። ኢ።

ሌላ ነገር ላስብ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም።

ቅዳሜ

ተፈተንን። ጥያቄው ከአብዲ ሃያዎች አንዱንም አይመስልም። ወጥቷል የተባለው ሁሉ ወሬ ነው፣ ወይም እኛ ጋ አልደረሰም። «ይበቃል ወይ» የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ እንደ ወይዘሮ ጽጌ አንደኛውን መረጃ በመዳፌ እየከደንኩ ሁለተኛውን አነበብኩ። አዘገየኝ። ሦስት ጥያቄ ላይ አዳነኝ። ፈርዶሳ ከፊቴ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ማስላት ጀመረች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ አከበበች፣ አለፈች። በልቤ ጎሽ አልኳት። ቦታዋ አንዲት መሆኗን ያስታወስኩት ቆይቼ ነው።

ስንወጣ አላወራችም። ፈርዶሳና ዝምታ አይተዋወቁም። በሩ አጠገብ ስንደርስ ቆመች፣ ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ነው።

«የዚያ ሳጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?» አለች።

ሌላ መረጃ አላስፈለገኝም። ይህ ብቻውን ይበቃል።

«መቼ ነው የከተትሽው?» አልኳት።

«ማክሰኞ» አለች ጫማዋን እያየች። «አንቺ ስትደውዪ ከዚህ እየወጣሁ ነበር። ከአብዲ ጋር ሳልገናኝ በፊት ነው፣ ወላሂ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ተናደድኩ። የእውነት ተናደድኩ። የእኔንና የአባቴን ስም በዚያ በካሬ ደብተሯ! ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የራሴ ጥቆማ ትዝ ሲለኝ ግን ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

«ወይዘሮ ጽጌ ጋ ነው። መታወቂያ ይዘሽ ነይ። መዝገብ ላይ ያስፈርሙሻል» አልኳት።

ቀና አለች። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

መልሴን አልጠበቀችም። አላሰላችም፣ ወዲያው ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገችና እዚያው በሩ ላይ ትስቅ ይሁን ታልቅስ ሳይለይ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ዘበኛው «ፈተናው ከበደ እንዴ?» አሉን።

ዛሬ ወይዘሮ ጽጌ አይገቡም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ሳጥኑን ከመክፈታቸው በፊት፣ በሩ ላይ እንገናኛለን። «ብቻዬን እሄዳለሁ፣ አብሽሪ» ብላ ነበር። አብሬሽ እመጣለሁ አልኳት። ብቻዋን እንዳታፍር ነው ያልኳት፣ እውነቴን ነው። ግን ደግሞ ወረቀቷን ስታወጣው በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።